ቺንጊያ፣ ሻንጣና የሦስት ቤት እንጀራ፦ አምስት ቀን በጅማ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፦ እስከ ግቤ

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ነሐሴ 24፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ኅዳር 8 ይሞላል። እማዬ በጣቷ ሦስት ጊዜ ቆጥራ አረጋግጣለች። "ክርስትናው ላይ ብትቀሩ አልምራችሁም" ብላ እህቴ ከጅማ ከደወለች በኋላ ደግሞ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም።

የአውቶቡስ ትኬት ለአንድ ሰው 950 ብር። መነሻ ሌሊት 11 ሰዓት ተባለ፣ የተነሳነው 12 ተኩል ነው። የያዝነው ያንን ሰማያዊና ነጭ ዳማ ያለበት ትልቅ የላስቲክ ሻንጣ ነው። መርካቶ የሚቸበቸበውን፣ አገር ምድሩ የሚይዘውን። ውስጡ የክርስትና ልብሱ፣ ማተቡ፣ በርበሬና ዳቦ ቆሎ አለ። እማዬ ጥሬ ቡናም ልትጨምር ነበር። "ጅማ ቡና ይዞ መሄድ ለቀባሪው ማርዳት ነው" ብዬ በግድ አስወጣኋት።

አንድ ነገር ግን ማስወጣት አልቻልኩም። በቁራጭ ነጭ ጨርቅ ላይ ስልክ ቁጥሬን በስክሪፕቶ ጽፋ እጀታው ላይ ሰፍታዋለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አፈርኩ። እሷ ሳታይ ጨርቁን አጥፌ ወደ ውስጥ ከተትኩና ዚፑን ዘጋሁበት። ይህን ያዙልኝ።

ሰበታንና ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ላይ ለቁርስ ወረድን። ሌላው ተሳፋሪ ክትፎውን ሲያዝ እኛ በያይነቱ አዘዝን፤ 160 ብር። ጎመኑ ከቆጮ ጋር የመጣ ነው፣ አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ሽሮ ብቻ ነው የሚቀርብልኝ። ዕለቱ የጽጌ ጾም መጨረሻ ነበር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እማዬ ግን ፈቃድ የሚባል ነገር አታውቅም።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊት ይጠብሳል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከታች የሆነ ነገር "ጧ!" አለ። ሹፌሩ ጥግ ያዘ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። የተበጠሰው ቺንጊያ ነው። ትርፍ የለም። ቺንጊያ ከሌለ የውሃው ፓምፕ አይዞርም፣ ፓምፑ ካልዞረ ሞተሩ ይግላል፣ በዚያ ዳገት ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትርም አያስኬድም። ረዳቱ በሚያልፍ አይሱዙ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። እኛ ግራር ሥር ተበተንን።

ሦስት ሰዓት ቆየን።

አንድ ወፍራም ሰውዬ "ለበጎ ነው፤ ፊት ለፊታችን ምን እንደነበር ማን ያውቃል?" አለ። አጠገቡ ያለ ወጣት ቀና ሳይል "ፊት ለፊታችንማ ጅማ ነበር" አለው። ሳቅን። እኔ በልቤ ከወጣቱ ጋር ነበርኩ። አባቴ የሞተ ሳምንት ቤታችን መጥቶ "ለበጎ ነው" ያለኝን ሰው እስካሁን ሰላም የምለው በግዴ ነው። ያን ቃል ቶሎ የሚያወጣ ሰው አልወድም። እማዬ ግን ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ተመስገን፣ ቁልቁለቱ ላይ አልሆነ" አለች። ይሄኛው ትንሽ ይሻላል።

ከላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ጀበናዋን በአንድ እጅ፣ ሰሌን በሌላው ይዛ ወረደች። ሰሌኑን አነጠፈችና መጀመሪያ ያየችው የእማዬን እግር ነው፤ እንደ ዳቦ አብጧል። "እማማ፣ እዚህ ጋ ጋደም በሉ" አለች። የራሷን ነጠላ ጠቅልላ ትራስ አደረገችላት። ከዚያ ነው ቡናውን የቀዳችው። ስኒው 20 ብር። ሁለት ጠጣን፣ 40። እኔ ያለኝ ድፍን 200 ብር ብቻ ነበር፤ መልስ የላትም።

"ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ" አለች።

"ብቀርስ?"

"ከቀረሽማ ቀረ።"

ጅማ የደረስነው መሽቶ ነው፣ በካፊያ። ሻንጣ የወረደው በስልክ መብራት ነው። ዳማ ዳማውን አየሁ፣ ጎተትኩ፣ ባጃጅ ውስጥ ገባን። አጂፕ አካባቢ እህቴ ቤት ደርሰን ዚፑን ስከፍት ከላይ የማላውቀው ጋቢ አለ። ከሥሩ የተማሪ ደብተር። ከደብተሩ ሥር ትንሽ ፔርሙዝ።

እማዬ እዚያው ቆማ ለሚካኤል አንድ እሽግ ጧፍ ተሳለች። እኔ በረዳቱ፣ በቺንጊያው፣ በዝናቡ ተራ በተራ ተናደድኩ። የክርስትና ልብሱ የለም፤ ስልኬም ሞቷል። እህቴ ግን ነርስ ናት፤ ፔርሙዙን ከፍታ ዝም አለች። ከቀለጠ በረዶ መሃል ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች አወጣች። ኢንሱሊን ነው።

ስልኬ ቻርጅ ሲይዝ 11 ያመለጡ ጥሪዎች ተደረደሩ። መልሼ ደወልኩ።

"ልጄ፣ በአላህ፣ ትንሿ ፔርሙዝ አለች?" የሽማግሌ ድምፅ ነው። አጋሮ ደርሰዋል። የኛን ሻንጣ ከፍተው ውስጡ የታጠፈውን ጨርቅ ሲያዩ ነው መደወል የጀመሩት።

"አለች አባባ። ፍሪጅ ውስጥ እናሳድራታለን።"

እህቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። "አባባ፣ የት ሊያስቀምጡት ነበር?"

መድኃኒቱ የልጅ ልጃቸው ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ። ጎረቤት ሱቅ አለ አሉ፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ያለፈውንም እዚያ አስቀምጠው ነበር። ድንጋይ ሆኖ ሲወጣ ፀሐይ ላይ አሟሙተው ይወጉታል።

"ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ ተባልኩ። ከበረዶ የሚቀዘቅዝ ምን አለ ብዬ" አሉ።

"የልጁስ ስኳር?"

"አልወርድ አለ እንጂ። ስንት ወሰድኩት።"

እህቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም ሥራው ይበላሻል፣ መጣል ነው ያለበት። ለጥቂት ሰዓት ሙቀት ያገኘው የተሻለ ነው። ይህንን ቀስ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስረዳቻቸው። ሐኪሙም እንዳይቀር፣ ያለፈውን ሁሉ እንዲነግሩት አደራ አለች። ከዚያ ፍሪጅ ከሌለ በሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ነገረቻቸው። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ቅድም የተናደድኩበትን ሁሉ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፦ አጋሮ

እህቴ ከሕፃኗ ጋር ቀረች። እማዬና እኔ በሚኒባስ 120 ብር ከፍለን ወጣን። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ አጋሮን መቼም አላያትም ነበር።

ወቅቱ የለቀማ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል፤ ቅርንጫፉ ላይ ቀዩም ቢጫውም አረንጓዴውም ተደባልቋል። መንገድ ዳር ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ እሸቱ ተሰጥቷል። ሴቶች ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያገላብጡታል። እኔ ቡናን የማውቀው በኪሎ ነው። ሹፌሩ በጎማ ወረዳ ጮጬ የምትባል ቦታ እንዳለች ነገረን። ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲዘሉ ያየው ካልዲ የዚያ ሰው ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። እማዬ "ፍየሎቹስ የማን ነበሩ?" አለች። መልስ አልተገኘም።

ሽማግሌው ጁምዓ ሶላት ሄደዋል። ሚስታቸው በር ላይ "አካም ጅርቱ" ብለው ተቀበሉን። እማዬ ከልጅነቷ የተረፋትን ኦሮምኛ አወጣች። ከሰላምታ አላለፈም፣ ግን ሁለቱ አሮጊቶች ወዲያው እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ዓርብ መሆኑን ሳንናገር አውቀዋል። ለቤተሰቡ ቅቤ የገባበት ነገር ምድጃ ላይ አለ፤ ለኛ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ሚጥሚጣና አቮካዶ ለብቻ በሌላ ሳህን መጣ። "ይሄ ቢላም ቅቤ አልነካም" አሉ አቮካዶውን ሲከፍቱ። እኔ ቤት የጾም እንግዳ ሲመጣ ቢላዋ እስከ መለየት ደርሼ አላውቅም።

ልጁ አስገራሚ ነው። እህቴ ማታ በስልክ የነገረችውን ከአያቱ ጋር ሠርቶ ጨርሶታል። ትልቁ የሸክላ ገንቦ ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው መሃል ትንሽ እንስራ፣ አሸዋው በውሃ ርሷል፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ጥግ ነው ያስቀመጠው። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። "እጅሽን ክተቺ" አለኝ። ከተትኩ። እውነትም ይቀዘቅዛል፤ እንደ ጠዋት ድንጋይ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ራሱ አስገባቸው። ለሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ሽማግሌው መጡ። ሻንጣችን አልተነካም፤ ከላይ ያለው ነጭ ቀሚስ እንኳ እጥፋቱ አልተፈታም። ጨርቁን በጣታቸው ይዘው "ይህንን የሰፋች እጅ ትባረክ" አሉ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ምንም አላለችም። እስከ ጅማ ድረስ ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ስንወጣ እሳቸው "አልሐምዱሊላህ"፣ እማዬ "ተመስገን" አሉ፣ እኩል። አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ ጫኑብን።

ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ወደ ኋላ ቆጠርኩት። ቺንጊያው ባይበጠስ በቀን ነው የምንደርሰው። በቀን ብንደርስ ሻንጣ አይለወጥም። እኔ ጨርቁን ባልደብቅም አይለወጥም። ሻንጣው ባይለወጥ ሽማግሌው ያንን ኢንሱሊን በረዶ ቤት ይከቱታል። እግዚአብሔር ቺንጊያ በጠሰ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ለቀደሙት ብልቃጦችስ ለምን ዝም አለ የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፤ እኔ ለዚያ መልስ የለኝም። ብቻ ትናንት ግራሩ ሥር ስነጫነጭ የሆነ እጅ ሥራ ላይ እንደነበር ይሰማኛል። ለእማዬ ነገርኳት። "አሁን ገና አየሽ?" ብላ እንቅልፏን ቀጠለች።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፦ ጅሬንና ሊጡ

ጠዋት ወደ ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ኮረብታ ነው፤ ባጃጁ ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘውና ወርደን ገፋን። ጫማዬ ከዚያ ወዲህ ጫማ አይመስልም። የሚያስጎበኘው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ከውጭ አየን፦ ፎቅ ያለው፣ በረንዳው በእንጨት የተሠራ ሰፊ ቤት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለምኒልክ ግብር ከፍለው ግዛታቸውን ያለ ጦርነት ያቆዩ ብልህ ሰው ናቸው። ቁመታቸውም ከሁለት ሜትር ያልፍ ነበር ይባላል። ከዚያ ቁልቁል ከተማዋ አረንጓዴ ውስጥ ተዘፍቃ ትታያለች። አዲስ አበባ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ የማየው ቆርቆሮና መስታወት ነው።

ስንመለስ በርጩማ ገዛሁ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው። 700 ብር ብሎኝ በ550 ተስማማን። የጅማ እንጨት ሠሪ ስትከራከረው አይቆጣም፤ ዝም ብሎ መላጉን ይቀጥላል። መጨረሻ የምታፍረው አንተ ነህ።

ዋናው ነገር ማታ ነው። ሊጡ ቦክቷል፣ ሦስት ባልዲ። ለነገ ስድሳ ሰው ይጠበቃል። እህቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካች፣ ሁለት እንጀራ ጋገረች፣ መብራት ድርግም አለ። እንጠብቅ አልን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ላይ እህቴ አለቀሰች። ከወለደች ወዲህ ለማልቀስ ቅርብ ናት፤ ሕፃኗም ተከተለቻት።

የጎረቤት ሴት በሻማ መጣች። ምን ሆናችሁ አላለችም። ባልዲዎቹን አይታ አንዱን አንስታ ወጣች። ከአፍታ በኋላ ሌላ ሴት መጥታ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ፊት ለፊት ያሉት ሙስሊም እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ተሸክመው ሄዱ። ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ቦታ ጭስ ተነሳ። እኔ "ልርዳ" ብዬ ብሄድ "አንቺ የአዲስ አበባ ሰው፣ ጭሱን አትችይውም" ተብዬ ተመለስኩ። እውነታቸውን ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ፦ ክርስትና

ሌሊት ተነስተን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ልጅቷ ውሃው ሲነካት የሰፈር ውሻ እስኪጮህ ድረስ ጮኸች፤ ቅባቱ ላይ ተኛች። ቀሚሱ እጥፋቱ እንዳለ ነበር።

ቤት ስንመለስ ሦስት ሰፌድ በጨርቅ ተሸፍኖ በራፉ ላይ ተቀምጧል። እንጀራውን መሶብ ላይ እየደራረብኩ ነው ያስተዋልኩት። ሊጡ አንድ፣ እንጀራው ሦስት ዓይነት ነው። የአንደኛዋ ስስ ነው፣ ዓይኑ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል። የሁለተኛዋ ወፈር ያለ፣ ዳሩ ትንሽ የከረረ፤ እሳቷ ኃይለኛ ነበር ማለት ነው። የሦስተኛዋ መሃሉ ላይ ትንሽ የጣት ምልክት አለው፣ ከምጣዱ ሲወጣ የተጫነ። የትንሿ ልጅ ጣት መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሆን ስድሳውም አንድ መልክ ነበር።

ዶሮው ሁለት ድስት ነው የተሠራው። የሙስሊም ጎረቤቶቹን ዶሮ የፊት ለፊቷ እናት ባል ባርከው አርደው ነው የሰጡን፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ። እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዛ ሄዳ ያጎረሰችው ጣቷን እንጀራው ላይ ያተመችውን ልጅ ነው። ልጅቷ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

መብራቱ የመጣው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ እንግዳው ሊያልቅ ሲል። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሳቀ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፦ መልስ

የመልሱ ጉዞ ለመጻፍ አይመችም። ምንም አልተበላሸም። አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሳ፣ ሰኮሩን፣ ሳጃን አለፈ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ስም እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ለአንድ ነገር ብቻ ነቅቼ ነበር። ጅማ ላይ 200 ብሩን አዘርዝሬ አራት አስር ብር በቦርሳዬ የጎን ኪስ ለይቻለሁ። ወደ ግቤ መውረድ ስንጀምር ተነስቼ ሹፌሩ ጋ ሄድኩ። "እዚያ ግራሩ ጋ አንድ ደቂቃ ብታቆምልኝ፣ ዕዳ አለብኝ።"

"ስንት?"

"አርባ ብር።"

በመስታወት አየኝ። "እህቴ፣ ይሄን ቁልቁለት ለአርባ ብር አላቆምም። ጭነቱን አታዪም?"

እውነቱን ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ አይቆምም። መስኮቱን ከፈትኩ። ሰሌኑ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሴትየዋ ከቤቷ ፊት ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ታበጥራለች። እጄን አውጥቼ አወዛወዝኩ። ቀና አለች፣ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየች፤ ለኔ ይሁን ለአውቶቡሱ፣ እሷም እጇን አነሳች።

እማዬ ሚካኤል ኅዳር 12 ጧፏን አስገብታለች። አራቱ አስር ብሮች ግን አሁንም የጎን ኪሴ ውስጥ ናቸው። እህቴ ለጥምቀት ኑ ብላለች።